ፊርማ የሌለው ባለሟል

መዳፍ የማትሞላ ሥዕል ናት። ሰማያዊ መደብ፣ አንገቱን በነጭ ሽብሽብ ልብስ የከበበ ጎልማሳ፣ ዳር ዳሩን በወርቅ የተጻፈ ዓመትና ዕድሜ። የሠዓሊው ስም የለም። አለቃችሁ «መግለጫው ለነገ ይድረስ» ሲሉ እጃችሁ ሮጦ የሚጽፈው «ኒኮላስ ሂሊያርድ» ብሎ ነው፤ የቱዶር ዘመን ትናንሽ ሥዕሎች ሲነሡ ቀድሞ የሚመጣው ስም እሱ ነዋ! ብዕሩን አስቀምጡና ማጉያ መነጽር አንሡ።

ሂሊያርድ ወርቅ አንጥረኝነት የተማረ ሰው ነው። ለአልማዝ ብር ቀብቶ ይወለውላል፤ ለቀይ ዕንቁ ደግሞ በተወለወለው ብር ላይ ቀለም የገባበት ሙጫ በጋለ መርፌ ያንጠባጥባል። ያ ብር ዛሬ ጠቁሯል። የፊቱም ቅላት በብርሃን ብዛት ሸሽቷል፤ ስለዚህ «የገረጣ፣ ሕመምተኛ የሚመስል ባለሟል» ብላችሁ እንዳትጽፉ። ጠብታዋን አገኛችሁ ማለት ግን ሥራው የእሱ ነው ማለት አይደለም። ሙያውን ለሌሎች አስተምሯል፤ አይዛክ ኦሊቨር አንዱ ነው። ጀርባውም ብዙ አይረዳም። ብራናን በመጫወቻ ካርታ ላይ መለጠፍ ከእሱ በፊት ሠዓሊው ሆልባይንም ያደረገው የዘመኑ ልማድ ነው። (ክፈፉን ራሳችሁ አትፍቱ፤ የጥገና ባለሙያ ይጠራ።)

ከሁሉ የምታስቸግረው ሌቪና ቴርሊንክ ናት። ከብሩዥ መጥታ በፈረንጅ ቆጠራ ከ1546 ጀምሮ በ1576 እስክትሞት ለእንግሊዝ ነገሥታት ሠርታለች። በዓመት 40 ፓውንድ ተቆርጦላታል፤ ለአዲስ ዓመት ለቤተ መንግሥቱ ያበረከተቻቸው ሥዕሎችም በመዝገብ ሰፍረዋል። ፊርማዋ ያረፈበት ሥራ ግን የለም። መዝገቡ ውስጥ ሠዓሊት አለች፣ ሥዕል የለም፤ መሳቢያው ውስጥ ሥዕል አለ፣ ሠዓሊ የለም። ሁለቱን ማጋባት ያጓጓል። ደከም ያለ እጅ የታየበትን ሁሉ ለእሷ መስጠት ግን፣ በእኔ ዓይን፣ ስንፍና ነው።

የተጻፈውን ዓመት ስታነቡ የቆጠራውን ልማድ አስቡ። እንግሊዞች እስከ 1751 ድረስ ዓመት የሚለውጡት ማርች 25 ቀን ነበር፤ በእነሱ የፌብሩዋሪ 1580 ሥራ ዛሬ በፈረንጅ ቆጠራ 1581 ነው። ዓመቱን ከመስከረም ለምንጀምር ለእኛ ይህ አይገርመንም።

«ማን ሣለው?» እና «የማን መልክ ነው?» የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር አትጨፍልቋቸው። ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ያለውን፣ ጽጌረዳ መካከል ዛፍ ተደግፎ የቆመውን ወጣት ውሰዱ። ሂሊያርድ እንደሣለው ስምምነት አለ፤ ወጣቱ ግን የኤሴክሱ ሮበርት ዴቨሩ «ሳይሆን አይቀርም» ነው የሚባለው።

«የሂሊያርድ»፣ «የሂሊያርድ ነው የሚባል»፣ «ከሂሊያርድ ቤት የወጣ»፣ «የሂሊያርድን አሣሣል የተከተለ»፤ በእነዚህ መካከል ሥዕሉ ሲሸጥ የዋጋ ገደል አለ። ማስረጃችሁ የሚሸከመውን ምረጡ። ቀድሞ የተሰጠውን ስምም አትፋቁት፤ ማን፣ መቼ፣ በምን ምክንያት እንዳለው ጽፋችሁ ፋይሉ ውስጥ አስቀምጡት።