የተሰረዘ የዱቤ ሂሳብ እንዴት ይመለሳል?

አንድ ጅምላ አከፋፋይ የዱቤ ሽያጩን የሚይዘው በኮምፒዩተር ነው እንበል። የሂሳብ ሠራተኛው ከፍሎ የጨረሰ አንድ ደንበኛን ከሰንጠረዡ ሊሰርዝ ፈልጎ የደንበኛውን ቁጥር ሳይጠቅስ ትዕዛዝ ቢሰጥ፣ ዳታቤዙ «የማንን?» ብሎ አይጠይቅም። ሰንጠረዡን ባዶ ያደርገዋል። ተበዳሪው ሁሉ በአንድ ቅጽበት ከዕዳ ነፃ ወጣ ማለት ነው።

ትዕዛዙ ገና ካልጸደቀ «ሮልባክ» ይመልሰዋል። ከጸደቀ ግን ብዙዎች የሚሮጡት ወደ ትናንቱ ባክአፕ ነው። ቅጂው እንዳለ በዛሬው ላይ ከተገለበጠ ከጠዋት ጀምሮ የተሸጠውና የተሰበሰበው ገንዘብ መዝገብም አብሮ ይጠፋል። ቅጂው መኖሩም ያጠራጥራል። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 የጊትላብ ባለሙያ የዳታቤዙን ማኅደር በስህተት ሲሰርዝ፣ የዘወትሩ ባክአፕ ለካ ሲከሽፍ ኖሯል። ኩባንያውን ያተረፈው ከ6 ሰዓት ገደማ በፊት በአጋጣሚ በእጅ የተነሳ ቅጂ ነው፤ የዚያ 6 ሰዓት ለውጥ ግን ቀርቷል።

አዋጩ መንገድ ሥራውን አቁሞ ቅጂውን በሌላ ስም መክፈትና ሁለቱን ሰንጠረዦች በአጭር ስክሪፕት ማወዳደር ነው። ስክሪፕቱ በቅጂው ኖሮ ከዛሬው የታጣውን መዝገብ ብቻ ከነቀድሞ ቁጥሩ ይመልሳል። ደረሰኝና ክፍያ የተያያዙት በዚያ ቁጥር ስለሆነ አዲስ ቁጥር ከተሰጠው ዕዳው ባለቤት ያጣል። ከፍሎ የጨረሰው ደንበኛም አብሮ ስለሚነሳ፣ ካልተለየ በከፈለው ዕዳ ዳግመኛ ይጠየቃል። ሽያጭ ሲመዘገብ ከመጋዘን ዕቃ የሚቀንስ ፕሮግራም ካለም ለጊዜው መታገድ አለበት፤ አለዚያ ክምችቱ ሁለት ጊዜ ይቀነሳል።

ዛሬ ጠዋት ገብቶ ዛሬውኑ የተሰረዘው በትናንቱ ቅጂ ውስጥ የለም። ለእርሱ መፍትሔው የለውጦች መዝገብ ነው። ማይኤስኪውኤል «ባይነሪ ሎግ» በተባለው ፋይል የተሰረዘውን ረድፍ ከነይዘቱ ሊይዝ ይችላል፤ ስክሪፕት ያንን እየገለበጠ «ሰርዝ» የተባለውን «አስገባ» ያደርገዋል። በ8.0 እትም ሎጉ ካልተዘጋ በስተቀር ክፍት ነው፤ መነሻ ዕድሜውም 30 ቀን ነው። ኦራክልም በ«ፍላሽባክ» የቀደመውን ይዘት ያሳያል፤ የመነሻ ማቆያው ግን 900 ሴኮንድ፣ ማለትም 15 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ፣ ሠራተኛው ፈርቶ ነገሩን እስከ ምሳ ከደበቀው ዕድሉ ሊያልፍ ይችላል።

መዝገቦቹ ከገቡ በኋላ፣ «ኮሚት» ከመባሉ በፊት፣ የረድፎቹ ብዛትና የዕዳው ድምር ከትናንቱ የሂሳብ ሪፖርትና ከዛሬው ደረሰኝ ጋር ይመሳከራል።