ከታላቅ ቤት የመጣ ባለሙያ
በአሜሪካ ኮሌጆች የፉትቦል አሠልጣኞች ሹመት ላይ የቀረበ ጥናት ለነጋዴዎች

አንድ የንግድ ቤት ሥራው ሲቀዘቅዝበትና ተፎካካሪው ሲበረታበት፣ ባለቤቱ አስቀድሞ የሚያስበው ከታላቅ ድርጅት ዐዋቂ ሰው አምጥቶ መቅጠርን ነው። የታላቁን ድርጅት ስም የያዘ ሰው በመደብሩ ውስጥ መታየቱ ብቻ የሸሸውን ደንበኛ የሚመልስ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ በከፍተኛ ደመወዝ የመጣው ባለሙያ ዓመት ሳይሞላው ይሄዳል፤ ለቤቱም የሚቀርለት የወጪው መዝገብ እንጂ ዕውቀቱ አይደለም። ስለዚህ ባለሙያን ከታላቅ ቤት ማምጣት ራሱን የቻለ ጥናት የሚያስፈልገው ጉዳይ ነው።

ለዚህ ጥናት ከንግድ ውጭ የሆነ፣ ነገር ግን ትርፍና ኪሳራው በየሳምንቱ በቁጥር ተመዝግቦ የሚታይ ምሳሌ አለ። ይኸውም የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ተጫዋቾቻቸው በደመወዝ ከሚተዳደሩ ታላላቅ የፉትቦል ክለቦች ረዳት አሠልጣኝ እያመጡ የማጥቃት ክፍላቸውን እንዲመራ የሚሾሙበት አሠራር ነው።

የሹመቱ ምንነት

የአሜሪካ ፉትቦል በኢትዮጵያ ከሚታወቀው የእግር ኳስ የተለየ ጨዋታ ነው። ኳሱ ሞላላ ሲሆን፣ በእጅ ተይዞ ይሮጥበታል ወይም ወደ ፊት ይወረወራል። በሁለቱም ወገን 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ የሚያጠቁትና የሚከላከሉትም ተጫዋቾች የተለያዩ ናቸው። አጥቂው ወገን አራት ጊዜ ሞክሮ 10 ያርድ ካልተራመደ ኳሱን ለተጋጣሚው ያስረክባል። ኳሱን ተቀብሎ የሚወረውረውና ጓደኞቹን የሚመራው ተጫዋች ኳርተርባክ ይባላል።

ከዋናው አሠልጣኝ በታች የማጥቃቱን ክፍል የሚመራ አንድ አስተባባሪ አለ። ይህ ሰው ሳምንቱን ሙሉ የተጋጣሚውን ፊልም ሲመረምር ይሰነብትና ዕቅድ ያዘጋጃል፤ በጨዋታው ቀንም እያንዳንዱን ሙከራ እየመረጠ ያዛል። በንግድ ቋንቋ ቢገለጽ፣ ዋናው አሠልጣኝ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ፣ አስተባባሪው ደግሞ የሽያጭ ክፍሉ ኃላፊ እንደ ማለት ነው። በታላላቆቹ ክለቦች የሚሠራ ረዳት አሠልጣኝ ግን ብዙውን ጊዜ ኃላፊነቱ በአንድ የተጫዋቾች ክፍል ብቻ የተወሰነ ነው። ስለዚህ ወደ ኮሌጅ ሲመጣ ስሙ ከታላቅ ቤት ይሁን እንጂ የሚረከበው ሥራ ከቀድሞው የሰፋ ነው።

የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ምሳሌ

በአላባማ ዩኒቨርሲቲ ዋና አሠልጣኝ የነበሩት ሚስተር ኒክ ሴባን፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር 2017 የማጥቃት ክፍል አስተባባሪያቸው ወደ አትላንታ ክለብ ስለ ሄዱባቸው ሌላ ሰው መፈለግ ግድ ሆነባቸው። የመረጡትም ሚስተር ብራያን ዳቦልን ነበር። ሚስተር ዳቦል በኒው ኢንግላንድ ፓትሪዮትስ ክለብ ታይት ኤንድ የሚባሉትን ተጫዋቾች የሚያሠለጥኑ ረዳት ሲሆኑ፣ ክለቡም በዚያው ወር የሱፐር ቦውልን ዋንጫ አንሥቶ ነበር።

በዚህ ሹመት ሁለት ነገሮች ይስተዋላሉ። አንደኛው፣ ሚስተር ዳቦል ለሚስተር ሴባን እንግዳ አልነበሩም። ሚስተር ሴባን በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲያሠለጥኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 እና በ1999 ሚስተር ዳቦል በዝቅተኛ ደረጃ ረዳታቸው ሆነው አገልግለዋል። ቀጣሪው የሰውየውን ጠባይ የሚያውቀው ከዝና ሳይሆን ከሥራ ነበር።

ሁለተኛው፣ የሚስተር ዳቦል የኋላ ታሪክ ሁሉ ድል አልነበረም። ከ2009 እስከ 2012 በክሊቭላንድ፣ በማያሚና በካንሳስ ሲቲ ክለቦች የማጥቃት ክፍል አስተባባሪ ሆነው ሲሠሩ፣ በእነዚያ አራት ዓመታት ከክለቦቹ አንዱም ድሉ ከሽንፈቱ አልበለጠም። ወደ ኒው ኢንግላንድ ተመልሰው ሲሠሩ ግን የዋንጫ ባለቤቶች ሆኑ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ አንድ ባለሙያ በአንዱ ቤት የከሰረ ሲሆን በሌላው ሊያተርፍ ይችላልና፣ የሰው ዋጋ ከሚሠራበት ቤት አደረጃጀት ተነጥሎ አይመዘንም።

እ.ኤ.አ. ጥር 8 ቀን 2018 አላባማ ለአገር አቀፍ ሻምፒዮናነት ከጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተጋጠመ። እረፍት ሲወጡ ጆርጂያ 13 ለ 0 ይመራ ነበር። በዚያች ሰዓት ሚስተር ሴባን የዓመቱን ኳርተርባክ ጄለን ኸርትስን አስቀምጠው፣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የነበረውን ቱዋ ታጎቫይሎአን አስገቡ። ወጣቱም ሦስት የግብ ኳሶችን ወረወረ፤ የመጨረሻይቱም በተጨማሪው ሰዓት 41 ያርድ ተጉዛ ጨዋታውን 26 ለ 23 ፈጸመችው። ተጫዋቹን የመለወጡ ውሳኔ የሚስተር ሴባን ነበር። ሆኖም ውሳኔው ሊፈጸም የቻለው፣ ሁለተኛው ኳርተርባክ በዕለቱ ሊጠራ እንደሚችል ታስቦ ዓመቱን ሙሉ ስለ ተዘጋጀ ነው። ኳርተርባኮቹን ማሠልጠንም ከሚስተር ዳቦል ሥራ አንዱ ነበር።

ሚስተር ዳቦል ግን በዚያው ወር ወደ ቡፋሎ ቢልስ ክለብ ሄዱ። በአላባማ የቈዩት አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ነው።

የልክ ልዩነት

በታላቁ ክለብ የሚሠራበት ዘዴ በኮሌጅ እንዳለ አይሠራም። በመጀመሪያ ጊዜው አይበቃም። የኮሌጅ ተጫዋች ተማሪ ስለ ሆነ፣ የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር ደንብ በውድድር ወራት ልምምዱን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ20 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል። የክለብ ተጫዋች ግን ሥራው ይኸው ብቻ ነው። ስለዚህ አዲሱ አስተባባሪ የሚያውቀውን ሁሉ ሳይሆን፣ ተማሪው በተፈቀደው ሰዓት ሊይዘው የሚችለውን ብቻ መርጦ ማስተማር ይኖርበታል።

ሁለተኛው ልዩነት የመልእክት ነው። በክለቦቹ ውድድር ከ1994 ጀምሮ አሠልጣኙ በኳርተርባኩ የራስ ቍር ውስጥ በተተከለ ሬዲዮ ትእዛዙን በቃል ያስተላልፋል። ይህ ነገር በታላላቆቹ ኮሌጆች የተፈቀደው በ2024 ነው። በ2017 ከክለብ ወደ ኮሌጅ የመጣ አሠልጣኝ ረጅሙን ትእዛዙን በእጅ ምልክት ወይም በሥዕል ሰሌዳ እንዲተላለፍ አድርጎ ማሳጠር ነበረበት።

ሦስተኛው የሜዳው ምልክት ነው። ኳሱ ወደ ሜዳው ዳር ሲወድቅ የሚቀጥለው ሙከራ የሚጀምረው በሜዳው ውስጥ ከተሰመሩት ሁለት የምልክት ረድፎች ከአንደኛው ነው። በክለቦቹ ሜዳ በረድፎቹ መካከል ያለው ርቀት 18 ጫማ ተኩል ሲሆን፣ በኮሌጆቹ 40 ጫማ ነው። በዚህም ምክንያት በኮሌጅ ሜዳ አንደኛው ጐን ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ሆኖ ይገኛል፤ ለመካከለኛ ቦታ የተሠላው የክለብ ዕቅድም መልሶ መለካት ያስፈልገዋል።

ይህን ልዩነት ንቆ የክለቡን መጽሐፍ እንዳለ የሚገለብጥ ሰው፣ በአዲስ አበባ ታላቅ መደብር የተለመደውን የዕቃ ዝርዝር ሳይለውጥ ወደ ገጠር ከተማ ሱቅ እንደሚጭን ነጋዴ ነው። ዕቃው መልካም ቢሆንም ገዢው ሌላ ነው።

የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ምሳሌ

ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2018 ከ13 ጨዋታዎች 10 አሸንፎ ነበር። ስለዚህ ቤቱ የወደቀ ቤት አልነበረም፤ የጐደለው አንድ ነገር፣ ይኸውም ኳስን በውርወራ የማራመድ ጥበብ ነበር። ዋናው አሠልጣኝ ሚስተር ኤድ ኦርጀሮን በጥር ወር 2019 በኒው ኦርሊንስ ሴይንትስ ክለብ ከማጥቃት ክፍሉ ረዳቶች አንዱ የነበሩትን የ29 ዓመቱን ሚስተር ጆ ብሬዲን ሲቀጥሩ፣ የሰጧቸው ሹመት የጐደለውን ብቻ የሚመለከት ነበር፤ የውርወራ ጨዋታ አስተባባሪ ተብለው ተሰየሙ። ነባሩ የማጥቃት ክፍል አስተባባሪ ሚስተር ስቲቭ ኤንስሚንገር ከቦታቸው አልተነሡም። ሽማግሌውና ወጣቱ በአንድነት ሠሩ። ሚስተር ብሬዲም እንደ ሚስተር ዳቦል ወደ ክለብ ከመሄዳቸው አስቀድሞ በኮሌጅ የሠሩ ስለ ነበሩ የተማሪን ልክ ያውቁ ነበር።

ውጤቱ በቁጥር ይታያል። ኳርተርባኩ ጆ ቡሮ በ2018 ከወረወራቸው ኳሶች በጓደኞቹ እጅ የገቡት ከመቶ 57.8 ሲሆኑ፣ በ2019 ከመቶ 76.3 ሆኑ። የግብ ውርወራዎቹ ከ16 ወደ 60 ከፍ አሉ። ቡድኑ በአማካይ በአንድ ጨዋታ የሚያገኘው ነጥብ ከ32.4 ወደ 48.4 ደረሰ። ዩኒቨርሲቲው 15 ጊዜ ተጋጥሞ 15 ጊዜ አሸነፈ፤ ቡሮም የሄይስማንን ሽልማት፣ ሚስተር ብሬዲ ደግሞ ለምርጥ ረዳት አሠልጣኝ የሚሰጠውን የብሮይልስን ሽልማት ተቀበሉ።

ባለሙያው ከሄደ በኋላ

ሚስተር ብሬዲ እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2020 ወደ ካሮላይና ፓንተርስ ክለብ ተዛወሩ። በዚያው ዓመት ቡሮን ጨምሮ 14 ተጫዋቾች በክለቦች ተመርጠው ሄዱ፤ ወረርሽኝም በመካከል ገባ። ሉዊዚያና ስቴት በ2020 አምስት ጨዋታ አሸንፎ አምስት ተሸነፈ። ለዚህ ውድቀት የአንድ ሰው መሄድ ብቻ ምክንያት ነው ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ነገር ግን ዕውቀቱን የያዙት አሠልጣኝና ዕውቀቱን የለመዱት ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ ሲወጡ፣ በቤቱ የሚቀረው ጥቂት እንደ ሆነ ታይቷል።

አላባማ ያደረገው ከዚህ ይለያል። ሚስተር ዳቦል ሲሄዱ የተተኩት ከውጭ በመጣ ሰው ሳይሆን፣ በ2017 ከጐናቸው ሆነው በምክትልነት ሲሠሩ በነበሩት በሚስተር ማይክ ሎክስሊ ነው። ቱዋ ታጎቫይሎአም በቤቱ ነበር። በ2018 አላባማ 14 ጨዋታ አሸንፎ የተሸነፈው በመጨረሻው፣ በሻምፒዮናው ጨዋታ ብቻ ነበር፤ የዓመቱም የብሮይልስ ሽልማት ለሚስተር ሎክስሊ ሆነ። ባለሙያው ሄዶ ዕውቀቱ ቀረ ማለት ይህ ነው።

ለነጋዴ የሚሆን ትምህርት

ከዚህ ሁሉ አራት ነገሮች ይወጣሉ።

1ኛ፤ ከመቅጠር በፊት የጐደለውን በስሙ መጥራት ያስፈልጋል። ቡናው በጣዕም ምክንያት የሚመለስበት ላኪ የሚያስፈልገው ቡና ቀማሽ እንጂ ሥራ አስኪያጅ አይደለም። ዕቃው በጉምሩክ የሚዘገይበት አስመጪም ሻጭ ቢጨምር ችግሩ አይቃለልም። የሹመቱ ስም ከጕድለቱ ልክ ሲሰፋ፣ ነባሩን ሠራተኛ ያለ ጥቅም ያስቀይማል።

2ኛ፤ የእጩው የቀድሞ መሥሪያ ቤት ስም ሳይሆን በዚያ ቤት በእጁ የሠራው ሥራ ይመርመር። ከዚህም ጋር በትንሽ ቤት ሠርቶ የሚያውቅ መሆኑ ይጠየቅ። ብዙ ጸሐፊና ብዙ መኪና ባለበት ድርጅት የለመደ ሰው፣ ደረሰኙን ራሱ መጻፍ ሲኖርበት ይደነግጣል።

3ኛ፤ ዘዴው በቤቱ ልክ እንዲቈረጥ ጊዜ ይሰጠው። ሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች ሰዎቻቸውን የቀጠሩት በጥርና በየካቲት ሲሆን፣ ውድድሩ የሚጀምረው በመስከረም ግድም ነው። በገበያው ትኵሳት መካከል ባለሙያ የሚያመጣ ነጋዴ ግን፣ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የተባለው ይደርስበታል።

4ኛና ዋናው፤ ሰውየው እንደሚሄድ ከመጀመሪያው ቀን ታውቆ ይሠራ። ከታላቅ ቤት የመጣ ሰው ሥራው በሠመረ መጠን ፈላጊው ይበዛል፤ ይህም እንደ ክዳት ሊቈጠር አይገባም። ስለዚህ ውሉ ሲፈረም፣ ከጐኑ ሆኖ የሚማር የቤቱ ሠራተኛ በስም ይመደብለት፤ አሠራሩም በጽሑፍ እየሰፈረ በድርጅቱ መዝገብ ይቀመጥ።

የባለሙያ ደመወዝ በዓመቱ መጨረሻ በሒሳብ መዝገብ ላይ ወጪ ሆኖ ይታያል። ወጪው ወደ ሀብት የሚለወጠው እርሱ ከሄደ በኋላ፣ እርሱ ይሠራው የነበረውን ሥራ የሚሠራ ሰው በቤቱ ሲገኝ ነው።