ምእመናን ጥቂት በሆኑበት አካባቢ ቤተ ክርስቲያን መር የልማትና የጤና ሥራ፦ የድሬዳዋ ገጠር ቀበሌዎች ተሞክሮ

መግቢያ

በአፍሪካ ገጠሮች አብያተ ክርስቲያናት ስለሚመሩት የልማትና የጤና ሥራ የሚቀርቡ ጥናቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ከአንድ ታሳቢ ነው። ይኸውም በየመንደሩ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ፣ ምእመናንም የሥራው ጉልበት፣ የመልእክቱ አድራሽና የንብረቱ ጠባቂ እንደሚሆኑ ማሰብ ነው። በዛምቢያና በማላዊ የክርስቲያን ጤና ማኅበራት ሆስፒታሎችንና ጤና ጣቢያዎችን የሚያስተዳድሩት በዚህ መሠረት ላይ ቆመው ነው።

የድሬዳዋ ሁኔታ ግን ከዚህ ይለያል። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት የአስተዳደሩ ነዋሪ 341,834 ነበር። ከዚህም 70.8 በመቶው ሙስሊም፣ 25.7 በመቶው ኦርቶዶክስ፣ 2.8 በመቶው ፕሮቴስታንት ሲሆን የካቶሊክ እምነት ተከታዮች ድርሻ 0.4 በመቶ ብቻ ነበር። በገጠሩ ክፍል ደግሞ የሙስሊሙ ብዛት እጅግ ያመዝናል። ይህም ሆኖ ዋና መሥሪያ ቤቱ በድሬዳዋ የሚገኘው የሐረርጌ ካቶሊክ ሴክሬታሪያት በአስተዳደሩ ገጠርና በሐረርጌ ወረዳዎች በውኃ፣ በምግብ ዋስትና፣ በጤናና በአስቸኳይ እርዳታ መስኮች ለረጅም ዓመታት ሲሠራ ቆይቷል። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ሁለት ጥያቄዎችን ነው፦ አጥቢያ በሌለበት እንዲህ ያለው ሥራ በምን ላይ ይቆማል? የውጭ ገንዘብ ሲቋረጥስ ምን ይቀራል?

ታሪካዊ ዳራ

የካቶሊክ ሚሲዮን በምሥራቅ ኢትዮጵያ የተመሠረተው በካፑቺን መነኮሳት ነው። መንበሩን በሐረር ያደረገው ሐዋርያዊ ቪካሪያት ከ1900 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአሥርታት በሞንሰኘር አንድሬ ዣሮሶ ተመርቷል። በሐረር የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚታከሙበትና የሚጦሩበት ተቋም የተጀመረውም በዚሁ ዘመን ነው። የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስና ከተማዪቱ ስትቆረቆር ሚሲዮኑ ሥራውን ወደ ቆላው አሰፋ። በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ጊዜ ደግሞ የካቶሊክና የመካነ ኢየሱስ አብያተ ክርስቲያናት እህል ለማከፋፈል መተባበራቸው፣ የአብያተ ክርስቲያናት የልማት ክንፎች ሰፊ የመጓጓዣና የማከፋፈያ አቅም እንዲያካብቱ ምክንያት ሆኗል።

በዓለም አቀፍ ደረጃም አብያተ ክርስቲያናት በጤና ፖሊሲ ላይ ያሳደሩት ተጽዕኖ ቀላል አይደለም። በ1968 እ.ኤ.አ. በዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ሥር የተቋቋመው የክርስቲያን ሕክምና ኮሚሽን፣ ሕክምና በሆስፒታል ሳይወሰን ወደ ማኅበረሰቡ እንዲወርድ ተሟግቷል፤ ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር ያደረገው ምክክርም የመሠረታዊ ጤና ክብካቤን መርሕ ላጸደቀው የ1978ቱ የአልማ አታ ጉባኤ መንገድ ከጠረጉት አንዱ ነበር።

ሥራው የሚቆምባቸው ምሰሶዎች

የመጀመሪያው ምሰሶ የመንግሥት መዋቅር ነው። ኢትዮጵያ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ የዘረጋችው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው ጤና ኬላ ከፍቶ፣ በመደበኛነት ሁለት ሴት ሠራተኞችን መድቧል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ደግሞ ምግብ ለሚያጥራቸው ቤተሰቦች በማኅበረሰብ ሥራ ተሳትፎ እህል ወይም ገንዘብ ይሰጣል። በድሬዳዋና በምሥራቅ ሐረርጌ ካቶሊክ ሪሊፍ ሰርቪስስ ይህን ፕሮግራም ሲያግዝ የሐረርጌ ካቶሊክ ሴክሬታሪያት የሥራ አጋሩ ነበር። ስለዚህ የሴክሬታሪያቱ ድርሻ ትይዩ መዋቅር መትከል ሳይሆን ያለውን ማጠናከር ይሆናል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምሰሶ የአካባቢው የራሱ ማኅበራዊ ተቋም ነው። በሐረርጌ አፎሻ ለቀብርና ለችግር ጊዜ መረዳጃ ሆኖ ኖሯል፤ የአገር ሽማግሌዎችና የመስጊድ ኢማሞች ቃልም በገጠሩ ይሰማል። አጥቢያ በሌለበት ስለ ክትባት፣ ስለ እናቶች ወሊድና ስለ ንጽሕና የሚተላለፈውን መልእክት ቤተሰብ ዘንድ የሚያደርሱት እነዚህ ናቸው።

ሦስተኛው ምሰሶ እምነትን መስፈርት ያላደረገ አሰጣጥ ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው የቀይ መስቀል፣ የቀይ ጨረቃና የመንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች የሥነ ምግባር ደንብ፣ እርዳታ የአንድን ሃይማኖት ወይም የፖለቲካ አቋም ማራመጃ እንዳይሆን ይደነግጋል። የተጠቃሚዎች ዝርዝር በሕዝብ ፊት ሲነበብና ቅሬታ ሲሰማ ይህ ደንብ ከወረቀት ወርዶ መተማመን ይሆናል። መተማመኑ ከፈረሰ ግን ለጥቂት ምእመናን የቆመ ድርጅት የሚሸሸግበት አጥቢያ የለውም።

ዕቅድን ከአካባቢው ጋር ማጣጣም

የቁጠባና የውስጥ ብድር ቡድኖች ጥሩ ማሳያ ናቸው። ካቶሊክ ሪሊፍ ሰርቪስስ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ያስፋፋው ይህ አሠራር ጎረቤታሞች በየሳምንቱ ጥቂት ገንዘብ አዋጥተው፣ ከተጠራቀመው ላይ ለአባላት እያበደሩ፣ በዓመቱ መጨረሻ የሚከፋፈሉበት ነው። ከዚህ ተነጥሎ የሚቀመጥ የማኅበራዊ ድጋፍ መዋጮም አለ፤ ሕፃን ሲታመም ለትራንስፖርትና ለመድኃኒት የሚወጣው ከዚያ ነው። ይሁንና አሠራሩ በሌሎች አገሮች በብድር ላይ የአገልግሎት ክፍያ ስለሚያስከፍል፣ ወለድን እስልምና በሚከለክልበት ማኅበረሰብ እንዳለ ሊተገበር አይችልም። ያለ ወለድ ማበደር ወይም ትርፍን በጋራ ንግድ ማግኘት የግድ ይሆናል። ይህን አስቀድሞ ያላሰበ ዕቅድ የሚያገለው ድኻውን አማኝ ነው።

የውኃ ሥራም እንዲሁ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። በቆላማው ገጠር የምንጭ ማጎልበትና የጉድጓድ ቁፋሮ ሴቶችና ልጃገረዶች ጀሪካን ተሸክመው የሚጓዙትን መንገድ ያሳጥራል፤ የተቅማጥና የዐይን በሽታንም ይቀንሳል። ነገር ግን ቦኖው በየጊዜው የሚደርቅ ከሆነ ቤተሰቡ ውኃ በበርሜልና በገንዳ ያከማቻል፤ ያልተከደነ እቃ ደግሞ የትንኝ መራቢያ ነው። ድሬዳዋ በ2013 እ.ኤ.አ. የደንጊ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ያስተናገደች ሲሆን፣ በ2022 እ.ኤ.አ. በበጋ ወራት ለተከሰተው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት የሆነችው አኖፊለስ ስቴፈንሳይም በተከማቸ ውኃ የምትራባ ናት። ከዚህ የሚከተለው፣ የተሠራው ቦኖ ብዛት ብቻውን የጤና ውጤት መለኪያ እንደማይሆን ነው፤ ሊለካ የሚገባው ቦኖው በዓመት ስንት ቀን ውኃ እንደሚሰጥና የተጠራቀመው ውኃ በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚያዝ ነው።

የገንዘብ ጥገኝነት

በጥር 2025 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ማገዱ፣ በዚያ ገንዘብ ለሚንቀሳቀሱ የኢትዮጵያ የእርዳታና የልማት ሥራዎች ሁሉ ከባድ ፈተና ሆኗል። አጥቢያ ባለበት አካባቢ ፕሮጀክት ቢዘጋ እንኳ ምእመናን ይቀራሉ። በድሬዳዋ ገጠር ግን የሚቀረው ሕዝቡ የራሱ ያደረገው ብቻ ነው፦ ክፍያ ሰብስቦ ፓምፕ የሚያስጠግን የውኃ ኮሚቴ፣ ያለ ፕሮጀክት ሠራተኛ የሚሰበሰብ የቁጠባ ቡድን፣ ከአፎሻው ጋር የሚመክር ጤና ኬላ።

ማጠቃለያ

የድሬዳዋ ተሞክሮ እንደሚያሳየው፣ ቤተ ክርስቲያን መር ልማት ያለ አጥቢያ ሊሠራ ይችላል፤ የሚሠራው ግን የቤተ ክርስቲያን ያልሆኑ ተቋማትን ሲያጠነክር ነው። የምእመናን ማነስ ድክመት ብቻ አይደለም፤ ድርጅቱን ከመጀመሪያው ሥራውን ለሌሎች እንዲያስረክብ ያስገድደዋልና። ስለዚህ ቀጣይ ጥናቶች ፕሮጀክት በሚዘጋበት ዕለት ከሚቀርበው ሪፖርት ይልቅ፣ ከተዘጋ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ የትኛው ቦኖ ውኃ እንደሚሰጥና የትኛው ቡድን እንደሚሰበሰብ ቀበሌ ለቀበሌ ዞረው ቢመዘግቡ፣ ዘላቂነት የሚባለው ነገር በማስረጃ ሊፈተን ይችላል።