የበረሃው ዕጣንና የጥርስ ሕመም

አደይ አበባ፣ ኑግና ሱፍ በዕፀዋት ጥናት ከአንድ ወገን የሚቈጠሩ ናቸው። የዚህ ወገን ዘሮች በደጋም በቈላም፣ ዝናም እምብዛም በማይጥልበት ምድረ በዳም ይበቅላሉ። ከነዚህ አንዱ በሰሜን አሜሪካ፣ በሶኖራና በሞሃቬ በረሃዎች የሚገኘው ቍጥቋጦ ነው። ሊቃውንት ኤንሴሊያ ፋሪኖሳ ሲሉት እስፓንኛ ተናጋሪዎች ኢንሲየንሶ፣ ማለት «ዕጣን» ብለው ሰይመውታል። በዚህ ትምህርት ስለዚህ ተክል የምንናገረው፣ ሕመምን በማስታገስና በሽታን በማዳን መካከል ያለውን ልዩነት ለማስረዳት ነው።

የቍጥቋጦው ቁመት ከአንድ ሜትር ተኩል እምብዛም አይበልጥም። በጸደይ ወራት በቀጫጭን ዘንጎች ጫፍ ላይ ደማቅ ቢጫ አበባ ያወጣል። ቅጠሉ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስል በነጫጭ ጸጕር የተሸፈነ ነው፤ ፋሪኖሳ የተባለው የላቲን ቃልም ዱቄታማ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የታተመ ጥናት እንዳስረዳው፣ ይህ ጸጕር የፀሐይን ብርሃን እየመለሰ ቅጠሉ የሚቀበለውን ብርሃን ይቀንስለታል። በዚህም ምክንያት ቅጠሉ ከመጠን በላይ አይግልም፤ ውሃውም ይቈጠብለታል። ድርቁ እጅግ ሲጠና ቅጠሉን አራግፎ ዝናም ይጠብቃል።

የአገሩ ነባር ሕዝቦች ከግንዱ የሚወጣውን ሙጫ በልዩ ልዩ መንገድ ሲገለገሉበት ኖረዋል። የኦኦዳም ሰዎች ከላይኛው ቅርንጫፍ የሚገኘውን ሙጫ ያኝኩታል፤ ከግንዱ ሥር የሚገኘውን ደግሞ አሙቀው የፍላጻ ጫፍ ያጣብቁበት ነበር። እስፓንያውያን ካህናት ሽታውን ስለ ወደዱት በቤተ ክርስቲያን አጤኑበት። ከብት ጠባቂዎችም እንጨቱን እንደ መፋቂያ ይጠቀሙበት እንደ ነበር ይነገራል። የካዊያ ሕዝብ ሙጫውን አሙቆ የደረት ሕመም ለማስታገስ ደረት ላይ ይለጥፈው ነበር። በሜክሲኮ የባሕር ዳርቻ የሚኖሩት ሴሪዎች ደግሞ ቅርንጫፉን ልጠው፣ በረመጥ አሙቀው፣ የተነቃነቀ ጥርስ እንዲጠነክር በአፋቸው ይይዙት ነበር።

ሐኪም በሌለበት በረሃ ሰው በአካባቢው ያገኘውን መድኃኒት መሻቱ ብልኀት ነው። ይሁን እንጂ ጥርስ የሚታመምበትን ምክንያት መርምሮ ማወቅ ያስፈልጋል። በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቃን ተሐዋስያን ከምግብ የተረፈውን ስኳር ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም የጥርስን ጠንካራ ልባስ ቀስ በቀስ እየሸረሸረ ያቦረቡረዋል። ጕድጓዱ ወደ ውስጠኛው የጥርስ ክፍል ሲደርስ ሕመሙ ይበረታል። ሙቀትም ሆነ ሙጫ ጕድጓዱን ሊደፍነው ወይም መግሉን ሊያስወግደው አይችልም። ሕመሙ ለጊዜው ሲበርድ ሰውየው የዳነ መስሎት ይቀመጣል፤ በሽታው ግን ወደ መንጋጋ ሊዛመት ይችላል። አደጋው ያለው በዚህ መዘናጋት ላይ ነው።

የደረት ሕመምም እንዲሁ ነው። ምክንያቱ የሳንባ ወይም የልብ በሽታ ሊሆን ስለሚችል፣ ሙጫ በመለጠፍ ሕክምናን ማዘግየት አይገባም። የጋለ ሙጫ ቆዳን ያቃጥላል፤ ከዚህ ወገን የሆኑ ብዙ ተክሎችም በአንዳንድ ሰው ቆዳ ላይ ሽፍታና ማሳከክ ያስከትላሉ።

እንግዲህ አንባቢ በየቤቱ የሚከተሉትን ቢጠብቅ ይጠቀማል።

፩ኛ/ ጥርስን በየቀኑ ጧትና ማታ ማጽዳት። በመፋቂያ የሚገለገል ሰው ጫፉን አለስልሶ ድዱን ሳያቈስል ይፋቅ፤ የራሱን መፋቂያ ለሌላ አያውስ።

፪ኛ/ ጣፋጭ ነገር አለማዘውተር፤ ሕፃናትንም ከዚህ ልማድ መጠበቅ።

፫ኛ/ ዕጣን በሚጤስበት ጊዜ መስኮት መክፈት፤ የማናቸውም ዓይነት ጢስ ለሳንባ ጠንቅ ነውና።

፬ኛ/ ጥርስ ሲታመም ሕመሙ ቢበርድም እንኳ ለሐኪም መታየት። ፊት ካበጠ፣ ትኵሳት ከተነሣ፣ ወይም መዋጥና መተንፈስ ካስቸገረ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ።

፭ኛ/ የአገር መድኃኒት የወሰደ ሰው ለሐኪሙ ሳይደብቅ መንገር።

ከአባቶች የተወረሰ የዕፀዋት እውቀት ሊከበርና ሊመረመር የሚገባው ሀብት ነው። ስለዚህ አንድ ቅጠል ወይም ሙጫ ሕመምን ቀለል ባደረገ ጊዜ፣ የተገኘውን ፋታ ወደ ሐኪም ለመሄጃ ልናውለው ይገባል።