የነጻ አካል ሥዕል፦ ከስታቲክስ ክፍል እስከ ሥራ መስክ

መግቢያ

የምህንድስና መካኒክስ በአንዳንድ አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች ራሱን የቻለ የትምህርት ክፍል ነው። በአገራችን ግን በአብዛኛው የሲቪልና የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪዎች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚወስዱት የጋራ መሠረት ነው። ትምህርቱ በሁለት ተከታታይ ኮርሶች ይሰጣል። ስታቲክስ ሚዛኑን ጠብቆ ያለን አካል ሲያጠና፣ ዳይናሚክስ ፍጥነቱ የሚለዋወጥን አካል ያጠናል። የቁሶች ጥንካሬ፣ የመዋቅር ትንተና፣ የማሽን ንድፍና የፈሳሽ መካኒክስ ሁሉ የሚታነጹት በእነዚህ ኮርሶች ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ብዙ ተማሪ መካኒክስን የሚያየው ወደ ዋናው ትምህርት ለመግባት አንዴ እንደሚታለፍ በር ነው። ፈተናው ካለፈ በኋላ ቀመሮቹ ይረሳሉ፤ ከቀመሮቹ ጋር ደግሞ ቀመሮቹን ሊያስገኝ ይገባ የነበረው ልማድ አብሮ ይጠፋል። የዚህ ጽሑፍ መነሻ ሐሳብ ተመራቂው ከመካኒክስ ክፍል ይዞት ሊወጣ የሚገባው ዋና ነገር የነጻ አካል ሥዕል የመሥራት ልማድ ነው የሚል ነው። ሐሳቡን ለማስረዳት አንድ የታወቀ አደጋና አንድ የተለመደ የግንባታ ሥራ በማሳያነት ቀርበዋል።

የነጻ አካል ሥዕል ምንነት

የነጻ አካል ሥዕል ማለት አንድን አካል ከተያያዘባቸው ነገሮች ሁሉ በሐሳብ ቆርጦ መለየትና፣ የተለዩት ነገሮች በአካሉ ላይ ያሳርፉት የነበረውን ኃይል በቀስት ተክቶ ማሳየት ነው። ሥራው ሦስት እርምጃዎች አሉት። በመጀመሪያ የሚጠናው አካል ይመረጣል። ቀጥሎ በተቆረጠው ወሰን ላይ ያሉት ኃይሎች ሁሉ፣ ከአካሉ የራስ ክብደት ጋር፣ አንድም ሳይቀር ይቀመጣሉ። በመጨረሻም የኃይሎቹ ድምርና የሞመንቶቹ ድምር ዜሮ እንዲሆኑ ተደርጎ ያልታወቀው ይሰላል። ሦስተኛው እርምጃ ስሌት ስለሆነ ኮምፒውተርም ይሠራዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን ማስተዋልን የሚጠይቁ ናቸው። ብዙ ጊዜ ስሕተት የሚፈጠረውም እዚያው ነው፤ ተማሪው ሥዕሉን ዘልሎ በጥያቄው የተሰጡትን ፊደላት የያዘ ቀመር ፍለጋ ይሄዳል።

በእኛ ተማሪዎች ላይ የቋንቋ ጉዳይም ይታከላል። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ሲሆን ተማሪው በአብዛኛው የሚያስበው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው። በዕለት ተዕለት አማርኛ «ኃይል» የሚለው ቃል ለሚገፋውና ለሚጎትተው ነገርም፣ በዋት ለሚለካው የኤሌክትሪክ አቅርቦትም ያገለግላል። «ክብደት» የሚለውም እንዲሁ ነው። በገበያ የአንድ ኩንታል ጤፍ ክብደት 100 ኪሎ ነው ይባላል፤ በመካኒክስ ግን 100 ኪሎ ግራም መጠነ ቁሱ ሲሆን ክብደቱ 981 ኒውተን ገደማ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ተማሪ ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ስሕተት ይሠራል። በፈተና ወረቀት ላይ ይህ ጥቂት ነጥብ ያስቀንሳል፤ በግንባታ ቦታ ላይ ግን ዋጋው ከዚያ የከበደ ነው።

ማሳያ አንድ፦ የካንሳስ ሲቲ አደጋ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 1981 በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ በካንሳስ ሲቲ ከተማ በነበረው የሃያት ሪጀንሲ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ከጣሪያው ተንጠልጥለው የነበሩ ሁለት መተላለፊያ ድልድዮች ወደቁ። 114 ሰዎች ሞቱ፤ ከ200 በላይ ሰዎች ቆሰሉ። ከድልድዮቹ አንዱ በአራተኛው ፎቅ ከፍታ ላይ፣ ሌላው ከእርሱ በታች በሁለተኛው ፎቅ ከፍታ ላይ ነበሩ።

በመጀመሪያው ንድፍ እያንዳንዱ የብረት ዘንግ ከጣሪያው ተነሥቶ በአራተኛው ፎቅ ድልድይ ተሸካሚ በኩል አልፎ፣ ሳይቋረጥ እስከ ሁለተኛው ፎቅ ድልድይ ይወርድ ነበር። ሁለቱም ድልድዮች በየራሳቸው ብሎን በዚሁ ዘንግ ላይ ያርፋሉ። ረጅሙን ዘንግ እስከ አራተኛው ፎቅ ድረስ በጥርስ ማውጣት አስቸጋሪ በመሆኑ ንድፉ ተለወጠና አንዱ ዘንግ በሁለት ተተካ። የላይኛው ዘንግ ከጣሪያ እስከ አራተኛው ፎቅ ድልድይ ሆነ፤ የታችኛው ደግሞ ከአራተኛው ፎቅ ድልድይ ተሸካሚ ላይ ተንጠልጥሎ የሁለተኛውን ፎቅ ድልድይ ያዘ።

በአንድ መንጠልጠያ ላይ እያንዳንዱ ድልድይ የሚያሳርፈውን ጭነት «ጭ» ብለን እንሰይመው። ወሰናችንን በሁለቱም ድልድዮች ዙሪያ ብንስል፣ ጣሪያው የሚሸከመው በሁለቱም ንድፎች 2ጭ ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ ምንም የተለወጠ ነገር የለም። ወሰኑን በአራተኛው ፎቅ ድልድይ ተሸካሚ ዙሪያ ብቻ ብንስል ግን ልዩነቱ ወዲያው ይገለጣል። በመጀመሪያው ንድፍ ከዚያ ተሸካሚ ሥር ያለው ብሎን የሚይዘው የራሱን ድልድይ ጭነት፣ ማለትም ጭን ብቻ ነው። በተለወጠው ንድፍ የታችኛው ድልድይም በዚያው ተሸካሚ ላይ ስለተንጠለጠለ ብሎኑ የሚይዘው 2ጭ ሆነ።

አደጋውን የመረመረው የአሜሪካ ብሔራዊ የመለኪያዎች ቢሮ፣ የመጀመሪያው ንድፍ ራሱ የከተማው የሕንፃ ደንብ ከሚጠይቀው ዝቅተኛ ጭነት 60 በመቶውን ብቻ ይሸከም እንደነበር አረጋግጧል። ለውጡ ይህንኑ ደካማ መጋጠሚያ በእጥፍ ጫነው። ኃላፊ የነበሩት መሐንዲሶች በሚዙሪ የሙያ ፈቃዳቸውን አጥተዋል። ስሕተቱን ለማግኘት የሚያስፈልገው ስሌት ከአንደኛ ዓመት ስታቲክስ አይበልጥም። የጎደለው ትክክለኛውን አካል ለይቶ ወሰን የመሳል ልማድ ነበር።

ማሳያ ሁለት፦ የሶሌታ ድጋፍ

የካንሳስ ሲቲው ለውጥ የተፈጠረው ዋናው ንድፍ ካለቀ በኋላ፣ የብረት ሥራው ዝርዝር ሥዕል በሚዘጋጅበትና በሚጸድቅበት ደረጃ ነው። በአገራችንም ብዙ የሲቪል ምህንድስና ተመራቂዎች ሥራ የሚጀምሩት በዚሁ ደረጃ ላይ፣ በሥራ ተቋራጭ ወይም በአማካሪ ድርጅት ስር በሳይት መሐንዲስነት ነው። በዚያ የሚጠየቁት አዲስ ቀመር እንዲያወጡ አይደለም። ፎርማኑ «እንዲህ ብናደርገው ምን ችግር አለው?» ሲል መልስ እንዲሰጡ ነው።

ለምሳሌ 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሶሌታ ሊሞላ ነው እንበል። አንድ ሜትር ኩብ የአርማታ ኮንክሪት ወደ 25 ኪሎ ኒውተን ይመዝናል። ስለሆነም አንድ ሜትር ካሬ ሶሌታ፣ ሠራተኛውና መሣሪያው ሳይቆጠሩ፣ 3.75 ኪሎ ኒውተን ይሆናል። የባሕር ዛፍ አጣናዎቹ በሁለቱም አቅጣጫ በየአንድ ሜትሩ ቢቆሙ እያንዳንዱ አጣና ይህንኑ ያህል ይሸከማል። እንጨት ለመቆጠብ ርቀቱ ሁለት ሜትር ቢደረግ የአንዱ አጣና ድርሻ አራት ሜትር ካሬ ስለሚሆን ጭነቱ 15 ኪሎ ኒውተን ይደርሳል። በተጨማሪም አጣናዎቹን በቁመታቸው መሃል የሚያስተሳስሩት እንጨቶች ቢነሡ፣ ቀጭን ምሰሶ ሳይጎብጥ የሚሸከመው ጭነት ካልተደገፈው ርዝመት ካሬ ጋር በተቃራኒው ስለሚለዋወጥ፣ አቅሙ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ጭነቱ አራት እጥፍ፣ አቅሙ አንድ አራተኛ ሲሆን ጥንቃቄው የተከማቸበት ልዩነት በ16 እጥፍ ይጠባል። ሁለቱም ለውጦች ለየብቻቸው ሲታዩ ጥቃቅን ይመስላሉ።

ሌሎች የሥራ መስኮች

ይኸው ልማድ ከግንባታ ውጭ ባሉ መስኮችም የሥራው እምብርት ነው። የግድብ መሐንዲስ የሚለየው አካል የግድቡን አንድ ሜትር ወርድ ነው። 100 ሜትር ጥልቀት ያለው ውኃ በዚህ ወርድ ላይ ወደ 49 ሚሊዮን ኒውተን ይገፋል፤ ግፊቱም ከመሠረቱ የጥልቀቱን ሲሶ ያህል ከፍ ብሎ እንዳረፈ ይቆጠራል። ጥልቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ግፊቱ አራት እጥፍ፣ የመገልበጥ ሞመንቱ ደግሞ ስምንት እጥፍ ይሆናል። እንደ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ያለ የኮንክሪት ግድብ ይህን የሚቋቋመው በራሱ ክብደት ነው።

በአውሮፕላን ጥገና የሚሠራ መሐንዲስ የሚለየው አካል አንድ መጋጠሚያ ሊሆን ይችላል፤ በየበረራው የሚደጋገም አነስተኛ ጭነት ብረትን አድክሞ እንደሚሰነጥቅ ያውቃልና። በሰው ሠራሽ አካል ሥራ የተሰማራው ደግሞ የዳሌን መገጣጠሚያ ይለያል። ሰው በአንድ እግሩ ሲቆም ጡንቻው በአጭር ክንድ ስለሚጎትት መገጣጠሚያው ከሰውየው ክብደት ከሁለት እጥፍ በላይ ይሸከማል። በኮምፒውተር የመዋቅር ትንተና የሚሠራውም ቢሆን ወሰኑንና ድጋፉን በስሕተት ከሰጠ ፕሮግራሙ ስሕተቱን በሚያምር ቀለም መልሶ ያሳየዋል።

የአጠናንና የአሰጣጥ ሐሳቦች

ከዚህ በመነሣት ሦስት ሐሳቦች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ ተማሪው ቀመር ከመጻፉ በፊት «የመረጥሁት አካል ይህ ነው፤ የሚነኩትም እነዚህ ናቸው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በሚያስብበት ቋንቋ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ መምህራን ለሥዕሉ ከመልሱ ተለይቶ የሚታወቅ ነጥብ ይስጡ፤ ተማሪ የሚተጋው ነጥብ ላለው ነገር ነውና። ሦስተኛ፣ የፈተና ጥያቄዎች የተለወጠ ንድፍ አቅርበው «የትኛው ክፍል ጭነቱ ጨመረ?» ብለው ይጠይቁ። ተመራቂውን በሥራ ቦታ የሚጠብቀው ጥያቄ ይህ ነው።

ማጠቃለያ

መካኒክስ የሚመራባቸው ሙያዎች ብዙና የተለያዩ ናቸው። በሁሉም ዘንድ ግን የባለሙያው ፊርማ አንድ ትርጉም አለው፦ አካሉን ለይቼ፣ የሚነኩትን ኃይሎች ቆጥሬ አይቻለሁ ማለት ነው። በካንሳስ ሲቲ ለውጡን ያጸደቀ ፊርማ ነበረ፤ ሥዕሉ ግን አልነበረም። የአንደኛ ዓመት ተማሪ በስታቲክስ ክፍል የሚስላት ያች ትንሽ ሥዕል ክብደቷ የሚለካውም በዚሁ ነው።