ወተቱ እስኪወርድ ድረስ

በመጠለያ ስላሉ አራሶችና ጨቅላ ሕፃናት በጻፍን ቁጥር ከእናንተ ዘንድ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደርሰናል። «እናትየዋ ተርባ ወተት ከሌላት የዱቄት ወተትና ጡጦ ገዝተን ብንልክስ?» ጥያቄው ከርኅራኄ የመነጨ ስለሆነ እናመሰግናችኋለን። የምንሰጠው መልስ ግን «እባካችሁ አትላኩ» የሚል በመሆኑ ምክንያቱን ልናስረዳ ይገባናል። ምክንያቱን ለመረዳትም ሕፃን በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ቀኖች በእናቱ ጡት ውስጥ የሚሆነውን ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን ትምህርት በሴቶች ኅብረት አንብቡት። ወንዶችም ቢሰሙት መልካም ነው፤ ጡጦ ገዝቶ ወደ ቤት የሚገባው ብዙ ጊዜ አባት ነውና።

የመጀመሪያ ልጇን የወለደች አንዲት ወጣት እናስብ። በሁለተኛው ሌሊት ሕፃኑ ያለቅሳል። አማቷ ጡቷን ዳሰስ አድርገው፣ «ልጄ፣ ገና ምንም የለሽም እኮ፤ ልጁ በረሃብ ሊያልቅብሽ ነው» ይላሉ። ጎረቤት ስኳር በጥብጣ ትመጣለች፤ ሌላዋ ጥሬ ቅቤ፣ ሌላዋ የአብሽ ውኃ ትላለች። አራሷ አፍራ ዝም ትላለች። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ክፉ ያሰበ አንድም የለም። ሆኖም በዚያች ሌሊት የሚደረገው ነገር ልጁ ጡት እየጠባ እንዲያድግ ወይም እንዳይጠባ ሊወስን ይችላል።

ጡቷ ባዶ አይደለም። ከእርግዝናዋ አጋማሽ ጀምሮ እንገር ሲዘጋጅ ቆይቷል። እንገር ወፈር ያለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ወተት ነው፤ የሚገኘውም በጠብታ ነው። ይህ ጥቂትነቱ ብዙዎችን ያሳስታል። የተወለደ ዕለት ሕፃኑ በአንድ ጊዜ የሚያስፈልገው ግን ጥቂት ብቻ ነው። እንገሩም የሚመጣው በዚያው ልክ ነው። በውስጡ ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከል ኃይል በብዛት ስላለበት የልጁ የመጀመሪያ ክትባት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እንደ ቅጥራን የጠቆረውን የመጀመሪያ ሰገራ ጠርጎ እንዲያወጣም ይረዳዋል። ከብት አርቢው ጥጃው እንገር ሳይጠባ ከቀረ ምን እንደሚሆን አሳምሮ ያውቃል። ይኸው ሰው በገዛ ቤቱ የሚስቱ እንገር «ቆሻሻ ነው» ተብሎ መሬት ላይ ሲታለብ ዝም ማለቱ ዘወትር ይገርመናል።

ታዲያ ብዙው ወተት ለምን ቶሎ አይመጣም? እንግዴ ልጁ በማህፀን ውስጥ እስካለ ድረስ ከእርሱ የሚመነጨው ፕሮጄስትሮን የተባለ ሆርሞን ወተቱ በብዛት እንዳይፈስ ይዞ ያቆየዋል። እንግዴ ልጁ ሲወጣ ይህ ሆርሞን በፍጥነት ይቀንሳል፤ ከዚያም በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ገደማ ጡቱ ያጋታል፣ ይከብዳል፣ ይሞቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ በወለደች፣ ምጥ በበዛባት፣ በቀዶ ሕክምና በተገላገለች፣ ብዙ ደም በፈሰሳት ወይም የስኳር ሕመም ባለባት እናት ዘንድ እስከ አራተኛው ቀንና ከዚያም በላይ ሊዘገይ ይችላል። መዘግየት መቅረት አይደለም። ነገር ግን ወተቱ አልመጣ ብሎ ደሟም አልቆም ካለ፣ የእንግዴ ልጁ ቁራጭ በማህፀን ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መወሰድ አለባት።

ከዚያ በኋላ ወተቱን የሚያበዛው ራሱ ሕፃኑ ነው። በጠባ ቁጥር ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ወተት እንዲሠራ ያዛል፤ ይህም በሌሊት ይበልጥ ስለሚበረታ የሌሊቱ ማጥባት ሊታለፍ አይገባም። ሁለተኛው ሆርሞን ኦክሲቶሲን የተሠራውን ወተት ገፍቶ ያወርደዋል፤ ማህፀንንም ስለሚያኮማትር ደም እንዳይበዛ ይረዳል። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ልጁ ሲጠባ እናትየዋን ሆዷን የሚቆርጣት በዚሁ ምክንያት ነው። ድንጋጤ፣ ኀዘንና ሕመም የወተቱን መውረድ ለጊዜው ሊገቱት ይችላሉ። ቤቷን ጥላ የሸሸች እናት «ወተቴ ደረቀ» ስትል ብዙ ጊዜ የደረሰባት ይህ ነው። ጸጥ ያለ ስፍራ አግኝታ፣ ልጇን አቅፋ ደጋግማ ስታጠባ ወተቱ ይመለሳል። የከሳች እናት እንኳ፣ ረሃቡ እጅግ ካልጸናባት በቀር፣ ለልጇ የሚበቃ ወተት ይኖራታል። በእርሷ ላይ የሚጎድለው ምግቧ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሕፃኑ እንደተወለደ ሰውነቱ ደርቆ፣ ራቁቱን በእናቱ ደረት ላይ ይደረግ፤ ሁለቱም አንድ ላይ ይሸፈኑ። በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ። የሰውነት እጥበቱ እስከ ማግስቱ ሊቆይ ይችላል። ልጁ ጡት ሲይዝ አፉ በሰፊው የተከፈተ፣ አገጩ ጡቱን የነካ፣ የታች ከንፈሩ ወደ ውጭ የተገለበጠ መሆን አለበት። ጫፉን ብቻ ከያዘ ለእርሱም አይወርድለት፣ እርሷንም ያቆስላታል። በዚህ ጊዜ ንጹሕ ጣት በአፉ ዳር አስገብቶ አላቆ እንደገና ማስያዝ ነው። በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጥባ። እስኪያለቅስም አይጠበቅ፤ አፉን ሲያንቀሳቅስና እጁን ሲልስ ርቦታል ማለት ነው።

ወተቱ መብቃቱን አማት በመዳሰስ አታውቀውም፤ ጨርቁ ይነግራታል። በመጀመሪያው ቀን አንድ ጊዜ፣ በሁለተኛው ሁለት ጊዜ እያለ ሽንቱ ይጨምራል፤ ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ይሆናል። ጥቁሩ ሰገራም ወደ አረንጓዴ፣ ከዚያም በአራተኛውና በአምስተኛው ቀን ወደ ቢጫ ይለወጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ክብደቱ ጥቂት ቢቀንስ አያስደነግጥም፤ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይመልሰዋል። ጡቱ አጋቶ ከተወጠረ ቶሎ ቶሎ ማጥባት፣ ከማጥባቱ በፊትም ለብ ባለ ውኃ በተነከረ ጨርቅ አሙቆ በእጅ ጥቂት ማለብ ያቀለዋል። ሕፃኑ አልጠባ ካለ፣ ከፈዘዘ፣ ካተኮሰው ወይም ከቀዘቀዘ፣ በተወለደ ዕለት ወይም እየባሰ ሰውነቱ ቢጫ ከሆነ፣ ወይም እናትየዋን ትኩሳት ይዟት ጡቷ ከቀላና ካበጠ ግን ጤና ጣቢያ እንጂ ጎረቤት አይጠየቅም።

አሁን ወደ ዱቄት ወተቱ እንመለስ። ሕፃን በጡጦ ሲጠግብ ጡት መጥባቱን ይቀንሳል፤ ባልጠባ መጠን ወተቱ ያንሳል። ጣሳው ባለቀ ቀን የእናቱም ወተት አልቋል። በመጠለያ ደግሞ ንጹሕ ውኃ፣ ማፍያ ማገዶና ጡጦ ማጠቢያ ሳሙና ከየት ይመጣል? እ.ኤ.አ. በ2006 በቦትስዋና ከባድ ዝናብ ጥሎ የተቅማጥ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ በጠና ታመው ሆስፒታል ከገቡት ሕፃናት አብዛኞቹ ጡት የማይጠቡ ነበሩ። የዓለም የጤና ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው ደንብ የጡት ወተት ምትክ ለእናቶች በነፃ ናሙና እንዳይታደልና ለሕዝብ እንዳይተዋወቅ አሳስቧል። እናቱ የሞተችበት ወይም በጽኑ የታመመችበት ሕፃን ሲኖር ግን ሌላ ጡት የምታጠባው ሴት ትፈለጋለች፤ ካልተገኘች የዱቄቱ ወተት በጤና ባለሙያ ቁጥጥር፣ በጡጦ ሳይሆን በሲኒ ይሰጠዋል። ኤች አይ ቪ በደሟ ያለባት እናትም መድኃኒቷን ሳታቋርጥ እየወሰደች፣ በባለሙያ ምክር ታጠባለች።

በዘጸአት ምዕራፍ 2 የምናነበውን ታሪክ ታስታውሳላችሁ። የፈርዖን ልጅ ሕፃኑን ከወንዝ ባወጣችው ጊዜ የምታጠባው ሴት ተፈለገችለት፤ የተገኘችውም የገዛ እናቱ ነበረች፤ ደመወዝም ተቆረጠላት። ልዕልቲቱ ሳታውቀው የረዳችው እናቲቱን ነው። እኛም የምንለምናችሁ ይህንኑ ነው። ለአራሷ አጥሚትና እህል፣ ሳሙና፣ ንጹሕ ውኃ፣ ልጇን ያለ ኀፍረት የምታጠባበት የተከለለ ስፍራ፣ ከሁሉም ይልቅ በሁለተኛው ሌሊት አጠገቧ ተቀምጣ «አይዞሽ እቴ፣ እንገሩ ይበቃዋል፤ ወተቱ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ይወርዳል» የምትላት የሠለጠነች እህት እንድትኖራት እርዱን። የወለደች ልጅ ወይም ምራት በቤታችሁ ካለችም ስኳር ከመበጥበጣችሁ በፊት ይህን ገጽ አንብቡላት።