«ኮንታክት» ብለን የምንዘጋው ዜና

ቤት በተቃጠለ ቁጥር ከዜናችን የማትጠፋ አንዲት ሐረግ አለች፤ «በኤሌክትሪክ ኮንታክት የተነሳ»። እኔም ዳባት በሚገኘው የቤተሰቦቼ ቤት አንድ የእንጀራ ጋገራ ቀን ሽቦ ሲቃጠል እስካይ ድረስ በቂ መልስ ትመስለኝ ነበር። ቶሎ ስለደረስን ግድግዳው ብቻ ጠቆረ። የተቃጠለው ግን ከፖል የመጣው አልሙኒየም ከቤቱ መዳብ ጋር የተጋጠመበት ቦታ ብቻ ነው። ለምን እዚያ?

ነገሩ እንዲህ ነው። አልሙኒየም በ660፣ መዳብ በ1,085 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣሉ። ጥብቅ ብለው ከተነካኩ ግን ሳይቀልጡም አተሞቻቸው ድንበር እየተሻገሩ አዲስ ውህድ ይሠራሉ። ውህዱ ለየብቻ ከነበሩበት ያነሰ ነጻ ኃይል ስላለው፣ ነገሩ ውሃ ቁልቁል እንደሚወርደው ነው። ቴርሞዳይናሚክስ የሚነግረን ይህን አቅጣጫ ነው፤ ፍጥነቱን የሚነግረን ኪነቲክስ ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዳባትና በደባርቅ ብርድ ውህደቱ የለም ማለት ይቻላል። ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ሲያልፍ ግን እየፈጠነ ይሄዳል።

ታዲያ ብርዱ ለምን አላዳነንም? 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል። መጋጠሚያው ከላላ፣ ወይም አልሙኒየም ላይ የሚፈጠረው ኦክሳይድ መንገዱን ከዘጋ፣ ደጁ ቢበርድም ያቺ ቦታ ትግላለች። የመጀመሪያው ጥፋት ይህ ነው። ሙቀቱ ደግሞ ውህዱን ያወፍረዋል። ውህዱ እንደ ሸክላ ተሰባሪ ነው፤ ኤሌክትሪክም እንደ ሁለቱ ብረቶች አያሳልፍም፤ ስለዚህ መልሶ ያሞቃል። ሙቀቱ ባይለወጥ ኖሮ ውፍረቱ እጥፍ ለመሆን አራት እጥፍ ጊዜ ይፈልግ ነበር፤ ማለትም እያደር ይዘገይ ነበር። ችግሩ ሙቀቱም አብሮ መጨመሩ ላይ ነው።

መዳብና አልሙኒየም ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል መፍትሔ አይደለም። ለሁለቱ ተብሎ የተሠራ ባይሜታል ማገናኛ አለ፤ በባለሙያ በደንብ ሲጠብቅ አይግልም፤ ካልጋለ ደግሞ ውህዱ ስስ ሆኖ ይኖራል።

እናም የነገ ጋዜጠኞች፣ «ኮንታክት ነው» ስንባል ደብተራችንን አንዝጋ። የትኛው ሽቦ ከየትኛው ጋር፣ በምን ተያይዞ ነበር? ብለን እንጠይቅ። መልሱን የሰማ አንባቢ ማታ የቤቱን መጋጠሚያ ያስፈትሻል። ቸር ይግጠመን!